ሳይደርስ «ደርሷል» ብዬ የጻፍኩት በረራ

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያመነኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱንም ፊቱን አይቼው አላውቅም።

እናንተ ብታምኑም ባታምኑም አልፈርድባችሁም። እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም... በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ደቂቃ። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው የምሠራበት ትንሽ ኤርፖርት።

ትንሽ ስላችሁ የእውነት ትንሽ ነው። አንድ ማኮብኮቢያ፣ አንድ የሻንጣ ሚዛን፣ አንድ የመንገደኞች ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ሚዛኑም ቢሆን ሁለት ኪሎ ይጨምራል። በቀን አንድ አውሮፕላን ይመጣልናል፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ይጭናል።

ሥራዬ በረራ መመዝገብ ነው። አውሮፕላኑ ከማዶ ካለው ኤርፖርት ሲነሳ እዚያ ያለው ባልደረባዬ በሬዲዮ ይነግረኛል። የተነሳበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ሲያርፍ ያረፈበትን እጽፋለሁ። ከዚያ ለዋናው መሥሪያ ቤት «ደርሷል» ብዬ መልእክት እልካለሁ። አለቀ።

«ደርሷል» ካልተባለ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ፍለጋ ይጀምራሉ። «ደርሷል» ከተባለ ግን ማንም አይፈልገውም።

ይቺን ያዙልኝ።

የማዶውን ባልደረባዬን «ጉንፋኑ» ነው የምለው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ስናወራ አፍንጫው አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። እሱ ደግሞ እኔን «እንቅልፌ» ይለኛል። ተገናኝተን አናውቅም፤ ግን የሆዳችንን እናወራለን።

በእሱና በእኔ መካከል ያለው የአየር ርቀት መቶ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። በረራው አርባ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አርባ አንድ። ሁልጊዜ አርባ አንድ።

በዚህ ምክንያት አንድ ልማድ ነበረን። ጉንፋኑ «ተነሳ» ሲለኝ የመነሻውን ሰዓት እጽፍና አርባ አንድ ደምሬ እዚያው የመድረሻውንም እጽፋለሁ። አውሮፕላኑ ገና ሰማይ ላይ እያለ ማለት ነው።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ... እሺ፣ ስንፍና ነው። ግን አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደረጃውን የምገፋው እኔ፣ ሻንጣ የማወርደው እኔ፣ መንገደኛ የማስገባው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ጉንፋኑም ማዶ ሆኖ ያደርገዋል። እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

«ደርሷል» የሚለውን መልእክት ግን ቀድሜ ልኬ አላውቅም ነበር።

እስከዚያ ማክሰኞ።

በዚያ ቀን እታለም ልትመጣ ነበር። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ አሥራ ስድስት። አጥባ፣ አብልታ፣ ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳታገባ ቀረች። ሰው ለምን ሲላት «አንዱን ወንድ አሳድጌ ደክሞኛል» ትላለች።

ቀኝ ዓይኗን ሞራ ጋረዳት። እኔ ያለሁበት ከተማ ጥሩ የዓይን ሐኪም ስላለ እንድትመጣ ለመንኳት። በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ወገቧ አይችልም። አውሮፕላን ደግሞ በሕይወቷ ተሳፍራ አታውቅም። ትፈራለች።

በስልክ ስንት ቀን ተጨቃጨቅን።

«ስንት ነው የሚፈጀው?»

«አርባ አንድ ደቂቃ።»

«የዘጠኝ ሰዓት መንገድ በአርባ አንድ ደቂቃ? የቀረውን መንገድ ማን በላው?»

«ማንም አልበላውም። በሰማይ ቀጥ ያለ ነው፤ ተራራ አትዞሪም።»

«ቢበልጥስ?»

«አይበልጥም።»

«እስቲ ማልልኝ።»

«እታለም ትሙት! አርባ አንድ ደቂቃ ነው።»

ሰው በሚወደው ሰው ነው የሚምለው። እኔም አስቤ አልማልኩም፤ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። እሷም ሳቀችና «እሺ፣ ቲኬቱን ግዛ» አለችኝ።

ስምንት ከአሥር ላይ ሬዲዮው ተንሿሿ።

«እንቅልፌ።»

«አቤት ጉንፋኑ።»

«ተነሳ። እህትህ መስኮት ዳር ናት። ማሰሪያው ሲያስቸግራት ጊዜ ቀበቶዋን እኔው ገብቼ አሰርኩላት።»

«ተባረክ።»

ስምንት ከአሥር ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡ ስምንት ከሃምሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ስምንት ከአርባ ሲሆን... ደረጃው ሥር ቆሜ ልቀበላት ፈለግሁ። ከደረጃው ስትወርድ እጇን ልይዛት። መልእክት ልላክ ብዬ ቢሮ ውስጥ ስዘገይ ብቻዋን እንዳትወርድ።

ስለዚህ ቀድሜ ላክሁት። ሊያርፍ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው።

«ደርሷል።»

ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አውሮፕላኑ ሊያርፍ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ድምፁ ከተራራው ጀርባ ይሰማል። የጥበቃው ውሻ ከእኔ በፊት ሰምቶ ይነሳል።

ድምፅ የለም። ውሻው ተኝቷል።

ስምንት ከሃምሳ። ዝም።

ሰዓቴን ለማየት አንገቴን ደፋሁ። ሃምሳ አንድ ሲል ቀና አልኩ።

አውሮፕላኑ ፊቴ ቆሟል።

ሲያርፍ አላየሁም። ሲያርፍ አልሰማሁም። የሞተሮቹ ክንፎች አይዞሩም፤ በሩ ተከፍቷል። ውሻው አሁንም ተኝቷል።

ፀሐዩ ነው አልኩ። ሐሳብ ይዞኝ ነው አልኩ። ሰው የማይገባው ነገር ሲያጋጥመው ለራሱ የሚለው አያጣም።

እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ከጎማው ሥር ታኮ አደረግሁ። የእጄ ጀርባ ጎማውን ነካው።

ቀዝቃዛ ነው።

አሁን ያረፈ አውሮፕላን ጎማው ያቃጥላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስንቴ አቃጥሎኛል። ይህ ግን ጥላ ውስጥ የዋለ ድንጋይ ይመስል ነበር።

መንገደኞቹ መውረድ ጀመሩ። አንዱ እንኳን ስልኩን አልከፈተም። ማንም አላዛጋም፣ ማንም ወገቡን አላፍታታም፣ ማንም ሻንጣውን አልጠየቀኝም። በረድፍ፣ በዝግታ፣ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው አለፉኝ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከመካከላቸው ነበር። «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት። አየኝና አለፈ።

እታለም መጨረሻ ላይ ወረደች። አቀፍኳት። ሽታዋ የራሷ ነው፤ የምታውቁት የታላቅ እህት ሽታ፣ ሳሙናና ትንሽ ካምፎር። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?»

«ደርሰሻል እኮ እታለም! መጣሽ!»

«ጆሮዬ ተደፍኗል» አለች። «ስንት ደቂቃ ቀረው?»

ቢሮዬ መስኮት ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳትና ጃኬቴን ላመጣ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ይላል።

ሬዲዮው ተንሿሿ።

«...ሰባት ሁለት ነኝ። ሜዳው አይታየኝም።»

ሰባት ሁለት የዚያ አውሮፕላን መጠሪያ ነው። ድምፁ የካፒቴኑ ነው።

«አርባ አንድ ደቂቃ አልፏል። ከበታቻችን ያለው ነጭ ደመና ብቻ ነው። ነዳጃችን ለአርባ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የሚሰማኝ አለ?»

በመስኮቱ አየሁ። አውሮፕላኑ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ካፒቴኑ ከአጥሩ ውጭ፣ ሊወስደው በመጣው የሆቴል መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ አፉ አይንቀሳቀስም።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ።

«እንቅልፌ...» ጉንፋኑ ነው። ያንሾካሹካል። «ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«አልደረሰም እንዴ?»

«እዚህ ቆሟል። እያየሁት ነው።»

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«ደርሷል።»

«መቼ ጻፍከው?»

«አንተ 'ተነሳ' ስትለኝ።»

«መልእክቱንስ?»

«ሳያርፍ።»

«ሰርዘው» አለ። «አሁኑኑ ሰርዘው። ይፈልጓቸው።»

ብዕሬን አነሳሁ። ጫፉን «ስምንት ከሃምሳ አንድ» ላይ አሳረፍኩና በመስኮቱ ወደ እታለም አየሁ።

አግዳሚው ባዶ ነው።

ብዕሩን ብድግ አደረግሁ።

እታለም አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው።

ደግሜ ሞከርኩ። ብዕሩ ሲነካ የለችም። ብዕሩ ሲነሳ አለች።

«ሰረዝከው?» አለ ጉንፋኑ።

«አዎ» አልኩት።

ዋሸሁት። መዝገቡን ዘጋሁት፣ እህቴን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

አትፍረዱብኝ ልላችሁ አልችልም። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። እኔ ያየሁት አንዷን ብቻ ነው።

በማግስቱ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተንሿሿ።

«ሰባት ሁለት ነኝ። ሜዳው አይታየኝም። ነዳጃችን ለአርባ ደቂቃ ይበቃል።»

በሦስተኛው ቀን ለሠላሳ ዘጠኝ። በአራተኛው ቀን ለሠላሳ ስምንት።

በቀን አንድ ደቂቃ።

አለቃዬ አጠገቤ ቆመው ሻይ እየጠጡ ምንም አይሰሙም ነበር። የምንሰማው እኔና ጉንፋኑ ብቻ ነን። አውሮፕላኑም እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ሞተሩ አልነሳ አለ። ባለሙያዎች መጥተው ፈታተው ገጠሙት። ምንም አልጎደለውም አሉ። ወደ ዳር ገፉትና ሌላ አውሮፕላን መመላለስ ጀመረ።

ቤት ደግሞ እታለም አለች።

መስኮት ዳር ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከተቀመጠች አትነሳም። ሳጎርሳት ትጎርሳለች፤ ስስቅ ትስቃለች፣ ግን ትንሽ ዘግይታ። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?»

በመጀመሪያ «ደርሰሻል» እላት ነበር። በኋላ ደከመኝ። ሬዲዮው ያለውን እነግራታለሁ። ሠላሳ። ሃያ ስምንት። ሃያ አምስት። ራሷን ትነቀንቃለች።

ዓይን ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። በመሣሪያው ዓይኗን ዐየና «ምን ይታይዎታል እማማ?» አላት።

«ደመና» አለች።

«ሞራው ነው» አለኝ ሐኪሙ። ከዚያ ድጋሚ ጎንበስ ብሎ ዐየ። ረጅም ጊዜ ዐየ። «ግን... ይንቀሳቀሳል» አለና መብራቱን አጠፋ። ቀጠሮ አልሰጠንም።

አንድ ቀን ሱሪ የማሳጥር መስዬ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። ከስፌት መኪናው ፊት ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል። እግሩ ፔዳሉን አይረግጥም። ሚስቱ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች በለሆሳስ። «ጆሮዬ ተደፈነ ይላል። ምን አድርጋችሁት ነው?»

ሱሪውን ትቼው ወጣሁ።

ሃያኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ለእታለም በብርጭቆ ውኃ አቀረብኩላት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዞር ስል ዓይኔ ያዘው።

ውኃው ዘሟል።

ብርጭቆው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ደልዳላ ነው። ውኃው ግን ወደ ግራ ጋድሏል። እታለምም በትንሹ ወደ ግራ ጋደል ብላለች። ከዚያ ቀስ... ቀስ ብለው አብረው ተቃኑ።

«ይዞራል» አለች። «ሜዳውን እየፈለገ ነው።»

የዚያን ቀን አለቀስኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ። ከዚያ በኋላ ማልቀስም አልመጣልኝም።

ጉንፋኑ እንዳልሰረዝኩት ገብቶታል። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ተናግሮ ሲጨርስ «እንቅልፌ...» ይለኛል። የሬዲዮውን ድምፅ እቀንሳለሁ።

አርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ልወጣ ስል እታለም ጠራችኝ።

«ዛሬ ስንት ቀረ?»

«አንድ።»

መስኮቱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ትኩር ብላ አይታኝ አታውቅም።

«ደርሳለች ብለህ ጽፈሃል አይደል?»

«አዎ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

«ልማድህ ነው» አለች። ቁጣ የለባትም። «ልጅም ሆነህ የቤት ሥራህን ሳትሠራ 'ጨርሻለሁ' ትለኝ ነበር። ደብተርህን ስገልጠው ባዶ።»

«እታለም...»

«ሂድና አስተካክል።»

«ብሰርዘው ትሄጂብኛለሽ።»

«መች መጣሁና?»

እጇን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤት ወሰድኳት። እጇ እንደዚያን ቀኑ ጎማ ቀዝቃዛ ነበር።

ቢሮዬ ውስጥ፣ ከጎኔ፣ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እንደዚያን ዕለት በብርጭቆ ውኃ አቀረብኩላት። ውኃው ወደ ፊት አዘንብሏል።

«መውረድ ጀምረናል» አለች። ጉልበቷን ገጠመች።

ዘጠኝ ሰዓት።

«ሰባት ሁለት ነኝ። ሜዳው አይታየኝም። ነዳጃችን...» ድምፁ ተቆረጠ። ተመለሰ። «...ለአንድ ደቂቃ።»

«እንቅልፌ» አለ ጉንፋኑ። «እባክህ ወንድሜ።»

መዝገቡን ከፈትኩ። ብዕሩን አሳረፍኩ። ወደ እሷ አላየሁም። ባያት መሰረዝ አልችልም ነበር።

ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት።

ከዚያ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አንስቼ፣ በዚያ ማክሰኞ ማለት የነበረብኝን አልኩ።

«ሰባት ሁለት። አልደረሳችሁም። እየጠበቅናችሁ ነው።»

ሬዲዮው ተንሿሿ።

«ሰማሁ» አለ ካፒቴኑ። ቀጥሎ፣ በጣም በቀስታ፦ «ሜዳውን አየሁት።»

ከጀርባው አንዲት ሴት ስትናገር ሰማሁ። «ስንት ደቂቃ ቀረው?»

ሬዲዮው ተቆረጠ።

ዞር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ከእግሯ ሥር የነበረው ቦርሳዋም የለም። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ውኃው ቀጥ ብሏል።

ሮጬ ወጣሁ። ዳር ተገፍቶ የነበረው አውሮፕላን የለም። የቀረው ታኮው ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድምፅ የለም። ውሻው ግን ቆሟል... ጆሮውን አቁሞ ማኮብኮቢያውን ያያል።

ማኮብኮቢያው ላይ ማንም የለም። መካከሉ ላይ ሁለት ጥቁር የጎማ መስመሮች አሉ። አዲስ ናቸው።

ተንበርክኬ መዳፌን አሳረፍኩ። አቃጠለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱ አውሮፕላኑንና አብረውት የጠፉትን ሰዎች እስከ ዛሬ ይፈልጋል፤ አለቃዬም እኔም በየሳምንቱ እንጠየቃለን። የልብስ ሰፊው ሱቅ ክፍት ነው፤ ሰውየው ግን የለም። ሚስቱ ደጃፍ ቆማ ቀና ብላ ሰማይ ታያለች። ሳልፍ ሰላም አትለኝም።

ጉንፋኑ አንዴ ብቻ ጠየቀኝ።

«ደረሱ?»

«አላውቅም።»

«ምን ጻፍክ?»

«ምንም።»

ከተሰረዘው አጠገብ እውነተኛውን የመድረሻ ሰዓት የምጽፍበት ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

ይሄው አራተኛ ወሩ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ መስመሮቹን እዳስሳለሁ። ትናንት ዝናብ ነበር፤ ሜዳው በሙሉ ርሷል። ከሁለቱ ጥቁር መስመሮች ላይ ግን እንፋሎት ይነሳ ነበር።

አሁንም ትኩስ ናቸው።